ጥላዬ ሐንዲሶ የተባለ ተቀባይ

ጥላዬ ሐንዲሶ የሚባል ሰው ገርጂ ውስጥ አልነበረም። ሌላ ሰፈር ይኖር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሺአረግ ግቢ ውስጥ እንደሌለ ግን እርግጥ ነው። እንዲህም ሆኖ በ1991 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከጫማ ካርቶን የምታንስ አንዲት ጥቅል በስሙ ከውጭ አገር መጣችለት፤ ቦሌ፣ አየር ማረፊያው የጭነት መጋዘን ውስጥ ተቀምጣም ትጠብቀው ጀመር።

ያዘዘቻት የሺአረግ ናት። የሺአረግ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ የምታድር ሴት ናት። ባሏ ሐንዲሶ በሕይወት ሳለ በሠራው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ከአንድ ልጇ ከአለምና ከባሏ አባት ጋር ትኖራለች። የባሏ አባት ላምቤቦ ኤርገኖ ይባላሉ። እኛ ምራታቸው ስላልሆንን ስማቸውን እንዲህ በቀላሉ እንጠራዋለን። የሺአረግ ግን የተዳረችው ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ነው፤ እዚያ ምራት የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አታመጣም። ወጉን የምታጠብቅማ በስሙ መነሻ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። የሺአረግም ከሚያጠብቁት ወገን ናት። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ኖራ እንኳ ላምን «የወተቷ» ነው የምትለው፤ ላምበረትን ደግሞ «ከመገናኛ ከፍ ብሎ ያለው»። ወያላዎቹ ይህን አገላለጽ በየፊናቸው ስለሚተረጉሙት በእግሯ የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው።

እንግዲህ ምራት ስም ካልጠራች ስም ማውጣት አለባት። የሺአረግ ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት አማቷ ግዙፍ ሆነው በር ላይ ቆመው ፀሐዩን ከልለውባት ነበርና «ጥላዬ» አለቻቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥላዬ ናቸው። አማት ከፈቀደ ምራቱን ከዚህ ግዴታ ይፈታታል። ጊደር ወይም ጋቢ ይሰጥና ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ጥሪኝ ይላታል። ላምቤቦ ወንድ ልጅ የወለድሽ ቀን እፈታሻለሁ ብለዋት ነበር። ሴት ልጅ፣ አለምን ወለደች። ከዚያ በኋላ አልወለደችም፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ላምቤቦ የድምፅ ሰው ነበሩ። ገርጂ ውስጥ ካለ የአገራቸው ሰው እሳቸው ሳይመርቁት የተዳረ፣ እሳቸው ሳያስታርቁት የታረቀ አልነበረም። ሲመርቁ ከአጥር ውጪ ያለ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ አሜን ይል ነበር ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ሐኪሞቹም ሕይወታቸውን አትርፈው ድምፃቸውን አወጡት። ከዚያ ወዲህ አንገታቸው ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፣ ቀዳዳዋን በነጭ ሻሽ ይሸፍናሉ፣ ከግቢ አይወጡም። የሚበሉትን የምታቀርብላቸው የሺአረግ ናት፤ ከሌላ ሰው እጅ አይቀበሉም። እጃቸው ሲንቀሳቀስ ውኃ ይሁን ጋቢ፣ በሩ ይዘጋ ይሁን ሬዲዮው ይከፈት፣ ቀና ብላ ፊታቸውን ሳታይ ታውቃለች።

አለም ለጥር መጨረሻ፣ ጾም ሳይገባ፣ ኃይለኪሮስ ለሚባል የግምጃ ቤት ሠራተኛ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። የሺአረግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ድግሱ አልነበረም። ልጅቱን ማን ይመርቃታል? አባቷ የለም። አያቷ አሉ፣ ድምፃቸው የለም። ምርቃት በጽሑፍ አይሆንም፤ ቢሆንም ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም። ሌላ ሽማግሌ አምጥቶ ማስመረቅ ይቻላል፤ ግን የቤቱ አባወራ ቁጭ ብሎ እያየ የጎረቤት ሰው ሲመርቅ፣ ያ ለሽማግሌው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ነው። የሺአረግ ራሷ ስትዳር አባቷ ሠርጉ ሰባት ቀን ሲቀረው ሞቶ፣ አጎቷ ነበር የመረቃት፣ ያውም እየተጣደፈ። አንድ ልጅ ብቻ መውለዷን፣ ባሏ በአርባ ሰባት ዓመቱ መሄዱን፣ የሲንጀሯ መርፌ በየሳምንቱ መሰበሩን ሳይቀር ከዚያ ጋር ነው የምታያይዘው። ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

ሐኪሙ አንድ ቀን በውጭ አገር እንደ ባትሪ መብራት ያለ፣ አንገት ላይ ሲያስጠጉት ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አለ ብሎ ነግሯት ነበር። እሷም ይህን ይዛ ወደ ሊና ሄደች። ሊና የጎረቤት ልጅ ናት። ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ የንግድ ቢሮ ጸሐፊ ስትሆን፣ ቢሮው ደግሞ በስልክ መስመር ከዓለም ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር አለው። መስመሩ እየተቆረጠ ሦስት ቀን ከፈጀ በኋላ ሊና መሣሪያውን የሚሸጥ ኩባንያ አገኘች። ስቶክሆልም ያለ ወንድሟ በባንክ ካርዱ ከፈለ፤ የሺአረግም ብሩን ለእናታቸው ሰጠች። የቀረው የተቀባዩን ስምና አድራሻ መሙላት ብቻ ነበር።

ሊና ስም ስትጠይቃት የሺአረግ ጥላዬ አለች። በልማድ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ብላ አታውቅማ። ሊና ደግሞ ስሙ ላይ የሚያስገርም ነገር አላየችም፤ የእሷም አጎት ጥላዬ ነው። የአባታቸውንስ ስትላት የሺአረግ ግራ ገባት። የአማት አባትም አማት ነው፤ አይጠራም። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ ዕቃውን የሚያመጣው ሰው ሠፈር ገብቶ ሲጠይቅ ማንን ቢል ቤቱን ያገኘዋል ብላ አሰላች። የሐንዲሶ ቤት ያለ ሰው ገርጂ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ሐንዲሶ አለች። ሊና ጻፈች፤ ላከች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ኬክ በሉ።

*

የዕቃ መምጫ ወረቀቱ በሊና መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ሲደርስ የሺአረግ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የአማቷን የቀበሌ መታወቂያና የራሷን በላስቲክ ጠቅልላ ቦሌ ሄደች። ከመስኮት ወደ መስኮት ስትመራ ቆይታ መጨረሻ ላይ ሚስባህ የሚባል ሹራብ የለበሰ የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ደረሰች። ሚስባህ የማይስቅም የማይቆጣም ሰው ነው። ጥቅሏን ፊቷ ከፈተና ውስጧ ያለውን ብርማ ነገር አገላብጦ አየው። ከዚያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሳበ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ሲታወቅ ቀረጡም ይታወቃል።

«ምንድን ነው?» አላት።

«የጉሮሮ ነው።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም። አንገት ላይ ይደረጋል፤ ሰውየው ይናገርበታል።»

«ማይክራፎን በሉኛ።»

«ማይክራፎን ድምፅ ላለው ሰው ነው። ይሄ ለሌለው ነው።»

ሚስባህ ይህንን ልዩነት በመጽሐፉ ውስጥ ፈለገ። የጆሮ ማዳመጫን አገኘ፣ የፀጉር ማድረቂያን አገኘ፣ የበር ደወልን አገኘ። ከዚያ መጽሐፉን አጠፈና ነገሩን አስረዳት። የሐኪም ወረቀት ካለ ዕቃው የሕመምተኛ መርጃ ተብሎ ቀረጡ ይቀልላል። ካልሆነ ከቴፕና ከራዲዮ ጋር ይመደባል። ያኔ ቀረጥ አለ፣ በቀረጡ ላይ የሽያጭ ታክስ አለ፤ ሲደማመር ሌላ መሣሪያ ሊገዛ ምንም አይቀረው። የሺአረግ ፈጠን ብላ የሐኪሙን ደብዳቤ በመስኮቱ አሳለፈች። ሚስባህ አነበበው፤ ጥቅሏን አየ፤ እንደገና አነበበው።

«ሐኪሙ የጻፈው ለአቶ ላምቤቦ ኤርገኖ ነው። ዕቃው የመጣው ለአቶ ጥላዬ ሐንዲሶ ነው። አቶ ላምቤቦ ማን ናቸው?»

ስሙ ሲጠራ አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ወጉ ነው። «እሳቸው ናቸው» አለች።

«እሳቸው ማን?»

«በሽተኛው።»

«አቶ ጥላዬስ?»

«እሳቸው ናቸዋ።»

«ሐንዲሶስ?»

«ባሌ ነው፤ ሞቷል። የእሳቸው ልጅ ነው።»

ሚስባህ ብጣሽ ወረቀት ሳብ አድርጎ ስሞቹን ጻፈ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር አሰመረ፤ አሰመረና ቆየ። «እንግዲህ በዚህ መሠረት» አለ፣ «እኚህ ሰው የገዛ ልጃቸው ልጅ ናቸው።»

«በወረቀት ነው እንጂ።»

«እኛ ጋ ደግሞ ሁሉም በወረቀት ነው፣ እናቴ።»

ክፋት አልነበረውም። በር ድረስ ወጥቶ፣ ቀበሌዋ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ጽፎ ቢያትምላት በቂ እንደሆነ ነገራት። ግን ቶሎ ይሁን አላት፤ ቀነ ገደቡ ያለፈ ዕቃ ለሐራጅ ይወጣል። የሺአረግ ይህን ዓይነት ዕቃ በሐራጅ ማን ይገዛዋል ብላ ጠየቀችው። ሚስባህ አሰበበት። ባይገዛም ይወጣል አላት።

*

የቀበሌው ጸሐፊ ነገሩን ሰምቶ ቀላል ነው አላት። የተሳሳተውን ስም የሰጠው ሰው ቀርቦ፣ ሁለት ምስክር ባለበት በገዛ አፉ ቃሉን ይሰጣል፤ ምስክሮቹ ሰማን ብለው ይፈርማሉ፤ ማኅተም ይመታል፤ አለቀ። የሺአረግ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁና ጽፌ ላምጣው አለችው። አይሆንም። ባለፈው ዓመት አንዱ በቁሙ ያለ ወንድሙን ሞቷል የሚል ጽሑፍ አስፈርሞ ቤቱን ሊወስድበት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቃል የሚሰጠው በድምፅ ነው። መታወቂያውን ላሳይና ይበቃል አለችው። መታወቂያ ማሳየት ቃል መስጠት አይደለም። ምስክሩ ስሙን ይጥራልኝና እኔ አዎ ልበል አለችው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የገዛ አማቷን ስም የማትናገር ሰው ዕቃውን ለምን እንደምትፈልገው ጥርጣሬ እየገባው እንደሆነ በትሕትና ነገራት።

ቤቷ ተመልሳ ዩኒፎርም መስፋቷን ቀጠለች። አንድ ቀን ሰፋች፤ ሁለት ቀን ሰፋች። በአምስተኛው ቀን ወደ ጋሽ ሱሌማን ሄደች። ጋሽ ሱሌማን የላምቤቦ እኩያ ናቸው፤ ያገር ልጅ፣ የከብት ጠባቂነት ጊዜ ጓደኛ። አሁን ላምበረት ላይ የመኪና ጎማ ይጠግናሉ። ምራት እንዲፈታት አማቷን ራሷ አትጠይቅም፤ ሰው ትልካለች። ጋሽ ሱሌማን ቅዳሜ መጥተው ከጓደኛቸው ጋር በር ዘግተው ተቀመጡ። ሲወጡ የሺአረግ ግቢው መሐል ቆማ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ያሰጣችው ከመጀመሪያውም ደርቆ የነበረ ልብስ ነው።

«እምቢ ብለዋል የሺ» አሏት። «ድምፄን ወሰዱት፣ ጉልበቴ ሄደ፣ ልጄን ቀበርኩ። ሳይነካ የቀረልኝ ስሜ ብቻ ነው፤ እሱን በቀበሌ አደባባይ አታስጥሪብኝ ነው የሚሉት።»

«ይህን ሁሉ በእጃቸው?»

«በእጃቸው።»

«ልጅቷስ? ሠርጓስ? አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ እንደገና እምቢ አሉ።»

የሺአረግ በቃ ተወችው። ሽማግሌው ልክ ናቸው ብላም አመነች፤ ሌላ ሴት እንዲህ ላድርግ ብትላት ራሷ ናት የምትገሥጻት። ማታ ማታ እራት ስታቀርብላቸው እንደወትሮው አንገቷን ሰብራ አቀረበች፤ እሳቸውም እንደወትሮው ከእጇ ተቀበሉ። ቀኑ ግን መሄዱን አልተወም። ጥምቀት አለፈ። ከጥምቀት በሳምንቱ አለም ከሥራ ስትገባ እናቷን ከስፌት መኪናዋ ፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቱ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች፤ በዚያ ቤት ግድግዳው ድምፅ የማያግድ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው።

«እማ፣ ይቅርብኝ» አለቻት። «ሳልመረቅም እዳራለሁ። ስንቱ ተድሮ የለ እንዴ?»

የሺአረግ ቀና ብላ አየቻት። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ አባቷ ሞቶ ለሠርጓ በቀረው በሰባቱ ቀን ውስጥ፣ እናቷን ለማጽናናት ብላ ይችኑ ቃል ራሷ ተናግራ ነበር። ያኔ ስትናገረው ከልቧ አምናበት ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ሱሌማንንና ጎረቤቷን ሸምሲያን ለምስክርነት ይዛ ቀበሌ ሄደች። ጋሽ ሱሌማን መንገዱን ሙሉ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርተው ሄዱ። ሸምሲያ ግን ከወሎ የመጣች ስለሆነችና የዚያን አገር ወግ ስለማታውቀው፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ምኑ ነው፣ እኔ አማቴን በስማቸው ጠርቼ ገንዘብ ሁሉ ተበድሬያቸው አውቃለሁ እያለች ልታስቃት ትሞክር ነበር። ጸሐፊው ታይፑ ላይ ወረቀት አስገባና በሉ ቃልዎን ይስጡ አላት።

የሺአረግ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ጥላዬ ሐንዲሶ ተብሎ የተጻፈው በእኔ ስህተት ነው አለች። ትክክለኛ ስማቸው አለች። ውጪ አንድ ሰው ስለ ስኳር ራሽን ይጨቃጨቃል። ጋሽ ሱሌማን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ላምቤቦ ኤርገኖ» አለች።

«አልሰማሁም» አለ ጸሐፊው። «ታይፑ ስለሚጮህ ነው፣ ከፍ ያድርጉት።»

ከፍ አደረገችው። ጸሐፊው መታ። ከዚያ የመጀመሪያው ስም ላይ ከ«ም» ቀጥሎ ያለው ቤ ነው ወይስ ቦ ብሎ ጠየቃት፤ ሦስተኛ ጊዜ፣ በቀስታ፣ እየከፋፈለች ነገረችው። ምስክሮቹ ሰማን ብለው ፈረሙ። ሸምሲያ በደስታ ፈረመች። ጋሽ ሱሌማን እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ የመጻፍ ችግር ግን የለባቸውም። በር ላይ ሲለያዩ ቆባቸውን ሳይደፉ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል አሏት። እሷም አዎ ይሻላል አለች። እሳቸው በሚኒባስ ወደ ገርጂ፣ እሷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ቦሌ ሄደች።

ሚስባህ ወረቀቱን አነበበ፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ዕቃውን በሕመምተኛ መርጃ መደበው። የቀረውን ትንሽ ቀረጥና የመጋዘኑን ኪራይ የሺአረግ ለሠርጉ ሁለት በግ ሊገዛበት ካስቀመጠችው ከፈለች፤ አንድ በግ ቀረ። ጥቅሏን በመስኮቱ ሲያሳልፍላት ሽማግሌው መጀመሪያ ምን እንደሚሉ ጠየቃት። ይመርቃሉ አለችው።

«እኔንም ያስታውሱኛ» አለ ሚስባህ፤ ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

*

ቤት ስትደርስ ጋሽ ሱሌማን መጥተው ሄደዋል። ላምቤቦ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። መሣሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ አቀረበችላቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ትንሽ ቆየችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ወጣች። ማታ አለም ገብታ ሰጠቻቸው፤ ከእሷ ተቀበሉ። እራታቸውንም የሺአረግ ስታቀርብ ሳይነካ ተመለሰ፤ አለም ያንኑ ሳህን ይዛ ስትገባ በሉ።

ለሠርጉ የቀረው ስድስት ቀን ነበር። አያትና የልጅ ልጅ ማታ ማታ በር ዘግተው ይለማመዱ ነበር። የሺአረግ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትሰማለች። መጀመሪያ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ከዝንቡ ውስጥ ቃል ይወጣ ጀመር። በአራተኛው ቀን አለም ስትስቅ ሰማች፤ ሽማግሌው ቀልድ ተናግረው መሆን አለበት። ድምፁ ከፍ ዝቅ የለውም፣ አያዝንም አይቆጣም፣ ልክ የአየር ማረፊያው ድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠራ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ይናገራሉ። ከጋሽ ሱሌማን ጋር አወሩ፣ ሸምሲያን ስለ ልጆቿ ጠየቋት፣ ሊናን መርፌና ክር እንኳ እንደዚህ ዕቃ አይጠቅምም ብለው አመሰገኗት። የሺአረግ ሳህን ልታነሳ ስትገባ መሣሪያውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልተናገሯትም ነበር። ያኔ ድምፅ ስለሌላቸው ነው። አሁን ግን ድምፅ አላቸው።

አለም አንድ ማታ ቆጣ ብላ አያቴን ላናግራቸው አለች። የሺአረግ ተይ፣ በሠርግሽ ሆድ አታስብሺያቸው አለቻት። ለእሷ እንዲህ መሆኑ ፍርድ ያለው ነገር ነው። እምቢ ብለው ነበር፤ ሰምታ ነበር፤ አውቃ ነው ያደረገችው። ዋጋው እንደሚጠየቅ ታውቅ ነበር። ይህን ያህል መሆኑን ግን የነገራት ሰው የለም፤ መጽሐፍ አውጥቶ ያሳያትም የለም።

የሠርጉ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሙሽራው ኃይለኪሮስ ከነሚዜዎቹ መጣ። ሊወጡ ሲሉ ሙሽሮቹ ሽማግሌው ፊት ተንበረከኩ፤ ሰዉ ጸጥ አለ። ላምቤቦ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፣ ነጭ ሻሻቸው ተተኩሷል። መሣሪያውን አንገታቸው ላይ አስጠጉት። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ሚዜዎቹ ተደናግጠው ተያዩ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ቃሉ ተለየ።

በእነሱ አገር ምርቃት እንዲሁ በጅምላ አይደለም፤ የቤቱ ሰው በየስሙ እየተጠራ ይመረቃል፣ እያንዳንዱ ስም ላይ አሜን ይባላል። አለምን መረቁ፤ ልጅ ይስጥሽ፣ ወተት ይስጥሽ፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ። አሜን። ኃይለኪሮስን መረቁ። አሜን። የኃይለኪሮስን አባትና እናት። አሜን። ልጃቸውን ሐንዲሶን አነሱ፣ ዐፈሩ ይቅለለው አሉ፤ ያ ድምፅ ማዘን ባይችልም ሰዉ አዘነ። የሺአረግ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆማለች። ከሐንዲሶ በኋላ የእሷ ተራ ነው፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ነጠላዋን አስተካከለች።

ጋሽ ሱሌማንን መረቁ። ሸምሲያን ከነልጆቿ መረቁ። ሊናን፣ እጇ አይዛል ብለው መረቁ። ስቶክሆልም ያለውን ወንድሟን መረቁ። ዓይተውት የማያውቁትን፣ ስሙን ከአለም ብቻ የሰሙትን የጉምሩኩን ሚስባህን ሳይቀር መረቁት፤ ያኔ ሰዉ ሳቀና ከፍ አድርጎ አሜን አለ። ከዚያ መሣሪያው ጸጥ አለ። ላምቤቦ ከአንገታቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሰዉ ትንሽ ጠበቀ። አንዳንዱ ወደ የሺአረግ አየ፤ አይቶም ዓይኑን መለሰ። አለም ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አያቷን ታያለች፤ ሙሽራ ናትና ሚዜዋ ቶሎ ብላ መሀረብ አቀበለቻት።

«ባትሪው ነው» አሉ ጋሽ ሱሌማን ጮክ ብለው። «ባትሪው አልቆ ነው።»

«አዎ፣ ባትሪው ነው» አለ ሰዉ። «ዕቃ እንዲህ ነው፣ ሲፈልጉት ነው የሚጠፋው።»

«ባትሪው ነው» አለች የሺአረግም። ከዚያ እልል አለች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ሙሽሮቹም ወጡ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ላይ ግቢው ጭር አለ። የሺአረግ ብርጭቆ ስትሰበስብ መሣሪያውን የሽማግሌው ወንበር ላይ አገኘችው፤ እሳቸው ጋደም ብለዋል። የወጥ ጠብታ ነክቶት ስለነበር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ስትጠርግ አውራ ጣቷ ቁልፉን ነካው። መሣሪያው እጇ ውስጥ ጮኸ፤ ጠንካራ ነው፣ እስከ ክንዷ ድረስ ይነዝራል። ለቀቀችው። ደግማ ነካችው። ጮኸ።

ጋሽ ሱሌማን ድንኳኑን ከሚያፈርሱት ሰዎች መሐል ቀና ብለው አዩ። እሷን አዩ፣ እጇን አዩ።

«ባትሪ ልግዛ እንዴ የሺ?» አሏት። «ሱቁ ቅርብ ነው።»

«ይግዙ ጋሽ ሱሌማን» አለች። «ይግዙልኝ።»

ሄደው ገዝተው መጡ። የሺአረግ አመስግና ተቀበለች፤ እሳቸው ፊት የመሣሪያውን ክዳን ከፍታ የነበረውን አወጣች፣ አዲሱን አስገባች፣ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ለአማቷ እንዲያደርሱላት ለጋሽ ሱሌማን መልሳ ሰጠቻቸው። ያወጣችውን ባትሪ ክርና አዝራር የምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ብርጭቆዎቹንም ልታጥብ ሄደች።